ካርታውን ያሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም

በዚህ እትም አራት ደብዳቤዎችን መርጫለሁ። አራቱም የመጡት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለመግዛት ካሰቡ ሰዎች ነው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ጉዳይ ሰፋ ስለሚል ብዙውን ቦታ ለእሷ ሰጥቻታለሁ። ሌሎቻችሁ ቅር እንዳይላችሁ። ለእሷ ያልኩት ለእናንተም ይሆናል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ባለቤቴ ከተጋባን አራት ዓመት ሆነን። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በወር 14,000 ብር ተከራይተን ነው የምንኖረው። አሁን እዚያው ግቢ ባለ አንድ መኝታ ቤት የሚሸጡ ሰው አገኘን። በ4,200,000 ብር ተስማምተናል። ከዕቁብ፣ ከቁጠባና ከወርቄ ሽያጭ ተደምሮ እጃችን ላይ 2,600,000 ብር አለ። ቀሪውን 1,600,000 ከባንክ ልንበደር አስበናል። የሁለታችን ደመወዝ በወር 58,000 ብር ይሆናል። ሻጩ በሰፈሩ የተከበሩ አባት ናቸው። ባለቤታቸው አሜሪካ ልጆቻቸው ጋ ናቸው። «ሌላ ገዢ እየጠየቀኝ ስለሆነ 500,000 ብር ቀብድ ስጡኝና በሁለት ምስክር እንፈራረም፤ ውልና ማስረጃ ባለቤቴ ስትመጣ እንሄዳለን» አሉን። ውሉ ላይም ዋጋው 1,500,000 ተብሎ ቢጻፍ ለሁላችንም ይቀላል ብለዋል። ባለቤቴ እሳቸውን ማስቀየም አይፈልግም። ካርታውን እንኳ ለመጠየቅ አፈርን። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይሻለናል? (ከጀሞ)

መልስ፦ ልጄ፣ እንቅልፍ ያሳጣሽ ነገር ትክክለኛ ነው። እሺ በይው። ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ የከበደኝ «ለመጠየቅ አፈርን» ያልሽው ቃል ነው። እሱን እኔም አውቀዋለሁ።

በ1980 ዓ.ም. ቤቶችና ቁጠባ ባንክ ስቀጠር ሥራዬ የብድር ፋይል ማደራጀት ነበር። ባንኩ በኋላ ስሙ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሃደ። ባለጉዳይ ሲመጣ ካርታ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የወራሽነት ማስረጃ እያልኩ ስጠይቅ ነው የኖርኩት። ማንም አልተቀየመኝም። ሥራዬ ስለሆነ።

በ1990 ግን እኔና ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ የራሳችንን ቤት ልንገዛ ተነሳን። ሻጩ አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንሳለም፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው አዛውንት ነበሩ። ሳሎናቸው ቡና ተፈላልን። የሟች ሚስታቸው ፎቶ ግድግዳው ላይ ነበር። ፎቶውን እያየሁ «የእሳቸው ድርሻ ለልጆቹ ተጣርቷል ወይ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ሐዘናቸውን የምቀሰቅስ መሰለኝና ዝም አልኩ። 20,000 ብር ቀብድ ሰጠን። የሰፈር ሰው ጻፈው፣ ሦስት ምስክር ፈረመ። ከሁለት ወር በኋላ ልጆቹ መጡ። «ግማሹ ቤት የእናታችን ነው፤ ለእኛ ይተላለፋል» አሉ። እውነታቸውን ነው። አራት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለስን። በመጨረሻ 20,000 ብራችን ብቻ ተመለሰልን። በዚያ አራት ዓመት የቤት ዋጋ ከአቅማችን አልፎ ሄደ። አዛውንቱ አታላይ አልነበሩም። እሳቸውም አያውቁም ነበር። ጥያቄው ያን ቀን ቢጠየቅ እሳቸውም ከልጆቻቸው ጋር ባልተካሰሱ።

ስለዚህ ወደ እናንተ ጉዳይ እንምጣ። መጀመሪያ አሜሪካ ያሉት ሚስት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የባልና የሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። የባል ፊርማ ብቻውን አይበቃም። ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆን እንኳ ቤቱ በትዳር ውስጥ የተገኘ ከሆነ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ሚስትየው ነገ «አልተስማማሁም» ቢሉ ሽያጩን ለማፍረስ ይችላሉ። የምስክሮቹ ብዛት ይህን አይለውጠውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። እሳቸው አገር ቤት እስኪመጡ መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም። ባሉበት ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርበው ለባላቸው ወይም ለሌላ ሰው ውክልና ይሰጣሉ። ውክልናው እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ማለትም ውልና ማስረጃ፣ ይመዘገባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀሽ እይ። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «መሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ መጻፍ አለበት። የትኛው ቤት እንደሆነም ቢጠቀስ ይመረጣል። ደግሞ ውክልና ይሻራል። ወካዩ ከሞተም ይቀራል። ስለዚህ የያዙት ወረቀት አሁንም የጸና መሆኑን ከመዘገበው መሥሪያ ቤት አጣሩ።

ቀጥሎ ካርታው ራሱ። ስሙ የማን ነው? ሰውየው ዕጣ የደረሳቸው ናቸው ወይስ ከሌላ የገዙ? ይህን የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ስለተከለከለ ብዙ ቤት በስውር ተሽጧል። ሻጩ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ወረቀቱ ላይ ግን የብድር ውል ይጻፋል፣ ከሱ ጋር ውክልና ይሰጣል። ያ ገዢ ደግሞ ለሦስተኛ ሰው በውክልናው ላይ ውክልና ይሰጣል። እኔ ያየሁት አንድ ፋይል ላይ አራት ሰው ተቀባብሎታል። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ሲሞት የውክልናው ሰንሰለት በሙሉ ተበጠሰ። መጨረሻ ላይ የገዛችው ሴት ቁልፉ በእጇ፣ ልጆቿ እቤት ውስጥ፣ ቤቱ ግን በሕግ የሟች ወራሾች ሆነ። ጀሞ የቆየ ሳይት ነው፤ 5 ዓመቱ በአብዛኛው አልፏል። ቢሆንም በካርታው ላይ ያለው ስምና ፊት ለፊትሽ የተቀመጡት ሰው መታወቂያ አንድ መሆኑን በዓይንሽ እይ።

የባንክ ዕዳም አለ። የ20/80 ቤት ከሆነ 80 በመቶው በንግድ ባንክ ብድር የተሸፈነ ነው። ዕዳው ካላለቀ ቤቱ መያዣ ነው። ሻጩ ጨርሰው ከሆነ ዕዳ እንደሌለባቸው የሚገልጽ ወረቀት (ክሊራንስ) ከባንኩ አላቸው። ካልጨረሱም አትደንግጪ። ከምትከፍሉት ላይ የዕዳውን ያህል በቀጥታ ለባንኩ ገቢ ማድረግ ይቻላል። ለሳቸው ሰጥታችሁ «ይክፈሉት» አትበሉ። ከዚያ ሻጩ ለክፍለ ከተማው የይዞታ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱና ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፉ። ጥያቄውን ማቅረብ ያለባቸው ባለቤቱ ስለሆኑ አብራችሁ ሂዱ። ፍርድ ቤት ያገደው ቤት ከውጭ ሲታይ ካልታገደው አይለይም። የሚታወቀው እዚያ መዝገብ ላይ ነው።

አሁን ቀብድ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «እጥፍ ስለሚከፍሉኝ አያታልሉኝም» ብሎ ይተማመናል። ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም አዋዋይ ፊት እንዲሆን ያው ሕግ አንቀጽ 1723 ላይ ይደነግጋል። በሁለት ምስክር ቤት ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ስንት ሙግት እንዳስነሳ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ውሉ ራሱ ካልቆመ እጥፍ የሚባል ነገር የለም። እኔ የተመለሰልኝ ያው 20,000 ነው አላልኩሽም?

ሻጩ እውነት ሌላ ገዢ ካላቸው እንዲህ በሏቸው፦ «አባባ፣ እኛ ቁርጠኞች ነን። የባለቤትዎ ውክልና እስኪመጣ ትንሽ ቀብድ እንስጥዎ። በባንክ በኩል እናስገባልዎ። ምን ያህል፣ ለምን፣ እስከ መቼ የሚለውን እንጻፈው። ውክልናው ካልመጣ ገንዘቡ ይመለሳል ይባል።» 500,000 ግን ቀብድ አይባልም። የገንዘባችሁ አምስተኛ ክፍል ገደማ ነው። ሳትካሰሱና ሳትቸገሩ ልታጡት የምትችሉትን ያህል ብቻ ስጡ። በጥሬ ብር አይሁን።

ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ስለ መጻፍ፣ አይሆንም። አንደኛ ሕግ መጣስ ነው። ሁለተኛ የሚጎዳው አንቺን ነው። ውሉ ነገ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። 4,200,000 ከፍለሽ 1,500,000 እንዲመለስልሽ ትለምኛለሽ። 2,700,000 ብር የት ሄደ ብትይ ማን ይሰማሻል? ግብር የሚሰበስበው መሥሪያ ቤትም የራሱ የዋጋ ግምት ስላለው ግብር ይቀንሳል ተብሎ የታሰበው ትርፍ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ባንክም ከውሉ ዋጋ በላይ አያበድርሽም።

የብድሩን ነገር ደግሞ ቁጭ ብለን እናስላው። የምወደው ሥራዬ ነበር። ወለዱ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ ለምሳሌ 18 በመቶ ነው እንበል፤ ጊዜው 15 ዓመት። 1,600,000 ብር ብትበደሩ በየወሩ 25,767 ብር ገደማ ትከፍላላችሁ። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻውን 24,000 ነው። ከዋናው የሚቀነሰው 1,767 ብር ነው። 15 ዓመት ሲሞላ በጠቅላላ 4,638,000 ብር ያህል ከፍላችኋል። ይህን ሲሰሙ ብዙ ባለትዳሮች ፊቴ ተያይተው ዝም ይሉ ነበር።

ግን ሌላም ስሌት አለ። አሁን ለኪራይ የምትከፍሉት 14,000 ይቀርላችኋል። ከሱ ላይ 5,000 ጨምራችሁ በየወሩ 30,767 ብትከፍሉ ዕዳው በ15 ዓመት ሳይሆን በ8 ዓመት ተኩል ገደማ ያልቃል። የምትቆጥቡት ወለድ ወደ 1,500,000 ብር ይጠጋል። በወር 5,000 ብር ነው ይህን የሚያደርገው። ስለዚህ ባንክ ስትሄዱ ወለዱን ብቻ አትጠይቁ። «ቀድሜ ብከፍል ቅጣት አለው? ተጨማሪ የምከፍለው በቀጥታ ከዋናው ይቀነሳል? ወለዱ መሀል ላይ ሊለወጥ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከውሉ ላይ በጣታቸው እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ።

አንድ ያላሰባችሁት ነገር ያለ ይመስለኛል። 2,600,000 አላችሁ፣ 1,600,000 ትበደራላችሁ፤ ልክ 4,200,000 ሞላ። ምንም አልተረፈም። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው፤ በእናንተ ዋጋ 84,000 ብር። የስም ማዛወሪያና የሰነድ ክፍያ አለ። የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ ሲገምት ይከፈላል፤ የቤት መድን አለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ባንክ የሚያበድረው በራሱ መሐንዲስ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው። ገበያው 4,200,000 ያለውን ቤት መሐንዲሱ ዝቅ አድርጎ ቢገምተው ብድራችሁም ያንሳል። እኔ ባንክ ሳለሁ ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ግምቱ አንሶባቸው ያለቀሱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ስለዚህ ከቀብዱ በፊት ባንኩን አነጋግሩ። ውሉ ውስጥም «የባንክ ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ያቺ መስመር ስንት ቤተሰብ ታድናለች መሰለሽ።

ሻጩ የሚከፍሉት ግብር ካለ የሳቸው መሆኑም በውሉ ይጻፍ። በቃል «እኛ እንጨርሰዋለን» የተባለ ነገር ስም ማዛወሪያው መስኮት ላይ ሲደርስ ይረሳል።

ቤቱን ራሱን አላነሳሽልኝም፤ እዚያው ግቢ ስለምትኖሪ ታውቂዋለሽ ብዬ አስባለሁ። ቢሆንም ማታ ሂጂ። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ሂጂ። የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ ቀና ብለሽ እይ፤ የላይኛው ቤት ፍሳሽ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቡናማ ክብ ምልክት አለው። አዲስ ቀለም የተቀባው ያ ጣሪያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጠርጥሪ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤትን ጠይቂ። የመብራት ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነና ውዝፍ ካለ እይ። ለብሎኩ ማኅበር የጥበቃና የጽዳት ክፍያ ያልተከፈለ ይኖር እንደሆነ የማኅበሩን ሰብሳቢ ጠይቂ። ተከራይ ውስጡ ካለም የኪራይ ውሉን እዩት፤ በ2016 በወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከ2 ዓመት አያንስምና ቁልፍ የምትረከቡበትን ቀን ከመፈረማችሁ በፊት እወቁ።

ለባለቤትሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። እኚህን አባት የሚያከብር ሰው ወረቀታቸውን በግልጽ ይጠይቃቸዋል። እውነተኛ ሰው ከሆኑ «ጎበዝ፣ ልክ ናችሁ» ይሏችኋል። ካርታውን አምጡ ስላላችኋቸው የሚቆጡ ከሆነም ያንን ከ500,000 ብሩ በፊት ማወቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጅዳ ሆኜ ነው የምጽፍልዎት። አስራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ኮምቦልቻ ቤት እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ። ወንድሜ ከከተማው ዳር 200 ካሬ መሬት በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ሻጩ ገበሬ ነው፣ በሽማግሌ እንፈራረማለን አለኝ። ለጊዜው በእኔ ስም ይሁን፣ ስትመጪ ይዛወራል አለኝ። ወንድሜን አምነዋለሁ። ልላክ? (ከጅዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አትላኪ። ቢያንስ ለዚህኛው አትላኪ።

መሬት በኢትዮጵያ አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው ላዩ ላይ ያለው ቤትና ከቤቱ ጋር ያለው ሕጋዊ የመጠቀም መብት ነው። ገበሬው የእርሻ መሬቱን ቆርሶ ሊሸጥልሽ አይችልም። ሽማግሌ ስለተቀመጠ፣ ጠላ ስለተጠጣ፣ ወረቀት ስለተጻፈ ሕጋዊ አይሆንም። እዚያ ላይ የሚሠራው ቤት ጨረቃ ቤት ይባላል። አስተዳደሩ አንድ ቀን ዶዘር ይዞ ሲመጣ ካሳ የምትጠይቂበት ወረቀት የለሽም። አስራ አንድ ዓመት የሰው ልጅ አዝለሽ፣ የሰው ቤት ጠርገሽ ያገኘሽውን ገንዘብ እዚያ ላይ አታፍስሺው። ርካሽ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ካርታ ያለው ቤት ፈልጉ። ትንሽም ቢሆን፣ አሮጌም ቢሆን። ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተያዘ) የሚለውን ጠይቁ። ሊዝ ከሆነ የቀረ የሊዝ ክፍያ ይኖራል፤ እሱ ወደ አንቺ ይዞራል።

የወንድምሽን ነገር ደግሞ አድምጪኝ። ጥርጣሬ አላስገባብሽም። ደግ ሰው ነው እንበል። ነገ ያገባል። በትዳር ውስጥ በስሙ ያለ ቤት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ሚስቱ አንቺን አታውቅሽም፤ ቤቱ የባሏ እንደሆነ ነው የምታውቀው። ወይም ዕዳ ይገባና አበዳሪዎቹ ያሳግዱታል። ወይም እግዜር አያድርገውና ይሞታል። ያኔ ቤቱን የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። ልጆቹን ትከሻቸው ላይ እጅሽን ጭነሽ «ይሄ የእኔ ነው» ትያቸዋለሽ? እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከቤይሩትም ከዱባይም ስንት ደርሶኛል። አብዛኞቹ ላይ ወንድሙ ክፉ አልነበረም።

ከመጀመሪያው በራስሽ ስም ይሁን። ጅዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ። እዚያ ሄደሽ ለወንድምሽ ውክልና ስጪው። በውክልናው ላይ «በስሜ ቤት እንዲገዛ፣ ውል እንዲፈርም፣ ስም እንዲያዛውርልኝ» ይባል። «እንዲሸጥ፣ እንዲያሲዝ» የሚለው አይግባ። የቆንስላው ሰው የተዘጋጀ ቅጽ ሲሰጥሽ እነዚህ ቃላት ሊኖሩበት ይችላሉ። ሳይነበብልሽ አትፈርሚ። ገንዘቡን በስምሽ በተከፈተ ሒሳብ አስቀምጪ። ሲከፈል ከዚያ በቀጥታ ወደ ሻጩ ሒሳብ ይግባ። ደረሰኞቹን በሙሉ ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ውስጥም ሌላ ቦታም አስቀምጪ። ለወንድምሽ ለልፋቱ አንድ ነገር ስጪው። በግልጽ፣ በመጠኑ። እሱም ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ቀረኝ። ገና መሠረቱ የተቆፈረ አፓርታማ ላይ 15 በመቶ ክፈሉና ቀሪውን ግንባታው ሲሄድ ትከፍላላችሁ የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ልግባበት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መምህር፣ ዕድሜዎን ያስገቡበት። ለ30 ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት የዘገየ ግንባታ ያናድዳል። ለእርስዎ ግን ደመወዝ በሚቆምበት ጊዜ ኪራይም ክፍያም አብረው ይመጣሉ ማለት ነው። እኔ ብሆን ያለቀ፣ ካርታ ያለው፣ ትንሽ ቤት እመርጣለሁ።

ከገቡበት ግን ቢሮአቸው ካለው አሻንጉሊት ሞዴል ይልቅ የመሬቱን ካርታና የግንባታ ፈቃዱን ይመልከቱ። ፈቃዱ የስንት ፎቅ ነው? የሚሸጡልዎ ፎቅ በዚያ ውስጥ አለ? መሬቱ ለባንክ ተይዟል? ከውሉ ውስጥ ሦስት ቦታ በእርሳስ ያስምሩ። ዋጋው በብር ነው ወይስ በዶላር ተመን የሚሰላ? «የግንባታ ዕቃ ከጨመረ ዋጋ ይስተካከላል» የሚል አንቀጽ አለ? ሲዘገዩ የሚከፍሉዎት ቅጣት ስንት ነው፣ እርስዎ ሲዘገዩ ከሚከፍሉት ጋርስ ይመጣጠናል? የእርስዎ ቅጣት በወር ተቆጥሮ የእነሱ ካልተጻፈ አይፈርሙ። ሳይቱንም በሥራ ቀን፣ ሳይነግሯቸው ሄደው ይዩት። ስንት ሠራተኛ እንዳለ ይቁጠሩ። ከወር በኋላ ሄደው እንደገና ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ለእናቴ ቤት ልገዛላት ነው። ጉልበቷን ያማታል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ከሌላው ብዙ ይረክሳል። ቆይታ ትለምደዋለች ብዬ ነው። (ከሰሚት)

መልስ፦ አትለምደውም፣ የኔ ልጅ። ባለ አራት ፎቁ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ከታች ይወጣል። እንጀራ የሚጋገረው በጋራ ቤቱ ከሆነ እሱም ታች ነው። ጎረቤት ለቅሶ ሲሆን፣ ዕድር ሲጠራ፣ ማርያም ስትነግሥ እናትሽ መውረድ አለባት። መውረድ ሲከብዳት ትተወዋለች። ከዚያ ቤት ገዝተሽላት ከሰው ለይተሻት ትቀመጣለች።

ሳትወስኚ አንድ ቀን ይዘሻት ሂጂ። ምንም ሳትነግሪያት ደረጃውን አብራችሁ ውጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የብረቱን መደገፊያ ይዛ ከቆመች፣ እዚያው ሆነሽ ለደላላው ደውዪና ምድር ቤት ያለ ስቱዲዮ ይኖር እንደሆነ ጠይቂው።